ሁለገቡ አልጋ

አንድ ነገር አስቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ እኔ አናጢ አይደለሁም። አባቴም አልነበረም። አያቴ አንድ ጊዜ በርጩማ ሠርቶ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ የተቀመጠበት ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ አናጢን ሁሉ እንዳትሰድቡብኝ ነው። ስድቡ ለእኔ ይበቃኛል፤ ለዚያውም ተሰድቤ የጨረስኩ ሰው ነኝ።

ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ የመጣነው በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ነው። ስለ አመጣጣችን ብዙ ሰው ብዙ ብሏል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጠቅጥቀን መጣን፤ ስንወርድ ሙቀት ተቀበለን፤ ከሙቀቱ ቀጥሎ ካድሬ ተቀበለን። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ጎጆዎቹም ቁጥር ነበራቸው፤ ሁሉም በአንድ ልክ የተሠሩ፣ በመሥመር የተደረደሩ፣ በራቸው ወደ አንድ ጎን የዞረ። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ሰው ቤት ገብቼ ጋቢዬን ሰቅያለሁ። አንደኛው ቤት ገንፎ አቅርበውልኝ ሁለት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ ነው የእኔ ቤት አለመሆኑ የገባኝ። ዘሪቱ ገንፎ እንደዚያ አታለዝብም።

ዘሪቱ ሚስቴ ናት። ትንሽ ተናግራ ብዙ የምትሠራ ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ የጎደለውን ወሬ እሞላለሁ፤ ትዳራችን በዚህ ሚዛን ቆሞ ኖሯል። ያን ዓመት ሰኔ ላይ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። የመጀመሪያ ልጃችንን እዚያው አገራችን ቀብረን ነው የመጣነው። እንግዲህ የሁለተኛው ነገር በቤታችን ውስጥ የሚቀለድበት አልነበረም፤ እኔ እንኳ አልቀልድበትም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ እርሻ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመችና «አልጋ ሥራልኝ» አለችኝ።

በአገራችን ቢሆን የጭቃ መደብ አበጅቶ፣ ቁርበት አንጥፎ መተኛት ነው። እዚህም ሞክረነው ነበር። አሶሳ ላይ ግን ምድሩ የምስጥ ነው፤ ሰው በጥገኝነት ነው የሚኖርበት። መደቡን በሠራሁ በሁለተኛው ሳምንት ቁርበቱን ከሥር በልተው ፀጉሩን ብቻ ለምልክት ተዉልን። በሦስተኛው ሳምንት አንድ እባብ መጥቶ ከጎናችን ጋደም አለ። እባቡ ክፉ አልነበረም፤ ቢሆንም ዘሪቱ አልወደደችውም።

«ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ላይ ነው የምወልደው» አለች። «አራት እግር ይኑረው፤ አይነቃነቅ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አራት እግር ብቻ?» አልኳት።

«እኔ በሁለት ነው የምሄደው። አራት ከበቂ በላይ ነው።»

እዚህ ላይ ልቦና ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ አራት ቋሚ ተክሎ፣ አራት አግዳሚ አስሮ፣ በሦስተኛው ቀን ሚስቱን ያስተኛ ነበር። እኔ ግን ማሰብ ጀመርኩ። የእኔ ማሰብ ደግሞ እንደ ወባ ነው፤ ሲነሳብኝ ቤተሰብ ይታመማል።

ነገሩ የጀመረው ከስብሰባ ነው። የመንደራችን ካድሬ ጓድ ታምሩ የሚባል፣ ከከተማ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር፤ ደብተሩ ከእጁ አይለይም። ጓድ ታምሩ «ሁለገብ» የምትለዋን ቃል ይወዳታል። ማኅበሩ ሁለገብ ነው፤ መጋዘኑ ሁለገብ ነው፤ አዲሱ ገበሬ ሁለገብ መሆን አለበት። እኛ ስናንጎላጅ እሱ ሁለገብ ይላል፤ ብንን ብለን እናጨበጭባለን። እኔ ታዲያ ቃሏ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። አልጋን ሳስበው ተናደድኩ። አልጋ የሚሠራው ሲመሽ ብቻ አይደለም? ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ እኛ ወገባችን እስኪቆረጥ ስንቆፍር እሱ ጥላ ውስጥ እግሩን ተክሎ ይውላል። በአንዲት ጎጆ ውስጥ ይህን የመሰለ ሥራ ፈት ማኖር ለእኔ ነውር መሰለኝ።

እናም አልጋውን ሥራ ላስይዘው ወሰንኩ። ሲዘረጋ አልጋ፣ ጫፉ ከፍ ሲል ገበታ፣ ጭራሽ ወደ ግድግዳው ሲቆም ጀርባው በከሰል ጠቁሮ የመሠረተ ትምህርት ሰሌዳ ይሆናል። ከሥሩ የሚሳብ አግዳሚ ወንበር ይወጣለታል፤ ስምንት ሰው ይይዛል። ከወንበሩ በታች የእህል ቆጥ። በራስጌው በኩል ለሚወለደው ልጅ የሚንጠለጠል ቅርጫት። ይህን ሁሉ በእንጨት መሬት ላይ እየጫርኩ ለዘሪቱ አስረዳኋት። ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«አልጋው የቱ ነው?» አለች።

«እዚሁ ውስጥ ነው።»

«እኔ እኮ ውስጡ አይደለም የምተኛው፤ ላዩ ላይ ነው» አለች። ቀጥላም «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

አሶሳ ላይ እንጨት ፍለጋ የሚንከራተት ሰው የለም፤ ሽመል አለ። ሽመል የቆላው ቀርከሃ ነው። ከመንደራችን በታች ካለው ወንዝ ማዶ ጫካውን ሞልቶት ቆሟል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ገጀራዬን ይዤ ወረድኩ። መቼም ሰው ዕቃ ሲመርጥ የሚያምረውን ነው፤ ለጋውን፣ አረንጓዴውን፣ ቀጥ ብሎ ያደገውን እየመረጥኩ ጣልኩ። ገጀራው ሲያርፍበት እንደ ሸንኮራ ይቆረጣል። «ይህን የመሰለ እንጨት እያለ ሰው ለምን ይደኸያል?» እያልኩ ስጨፈጭፍ ሼህ ሐሚስ ደረሱ።

ሼህ ሐሚስ የአገሩ ሰው ናቸው፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ። ከወንዙ ማዶ ይኖራሉ፤ አልፎ አልፎ ባሚያና ማር ይዘው ወደ መንደራችን ብቅ ይላሉ። የቆረጥኩትን ክምር በእግራቸው ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ምን ሠራ?» አሉኝ።

«አልጋ ልሠራ ነው፣ ሼህ ሐሚስ።»

«አልጋ ጥሩ ናት። ሽመል መጥፎ ነው። ይሄ ልጅ ናት፤ ገና አንድ ዓመት። ዝናብ ጠጣ፣ ጣፋጭ ሆነ። ነቀዝ ጣፋጭ ይወዳል።» ወደ አንድ ቢጫ ወደ ሆነ አሮጌ ሽመል አመለከቱኝ። «በጋ መጣ፣ ይሄን ሽማግሌ ቆረጠ። ወንዝ ውስጥ አንድ ወር አስተኛ። ከዚያ ቤት ሠራ። ወላሂ፣ ልጅ ይወርሳል።»

«በጋ ሲገባ እኮ ሚስቴ ወልዳለች» አልኩ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር፤ አልቆምኩም። «አብሽሩ፣ እኛ ወሎዎች እንጨት እናውቃለን። ባሕር ዛፍ ስንቆርጥ ነው ያደግነው» አልኳቸው።

«ይሄ ባሕር ዛፍ አይደለችም» አሉና ሄዱ። ሼህ ሐሚስ ምክር ሁለት ጊዜ አይደግሙም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰውየው ጫካቸውን ሲሰስቱብኝ ነው የመሰለኝ። ለአገሩ እንግዳ ለሰዉ ባዳ ሆኖ መጥቶ የአገሬውን ሰው ስለ ገዛ እንጨቱ ማስተማር የእኔ ቢጤ ብቻ የሚችለው ሥራ ነው።

አልጋው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ማጠፊያውን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆረጥኩ፤ ማሰሪያውን ከልጥ ገመድኩ፤ የአንድ ጣቴን ጥፍር ለሥራው አበረከትኩ። ሲያልቅ ያምር ነበር። ወንድሞቼ፣ ያምር ነበር! ለስላሳ፣ አረንጓዴ፣ ምንም ትርፍ ነገር የሌለው። አጠፍ ስታደርጉት ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ ዘርጋ ስታደርጉት ቤቱ እሱው ይሆናል።

ትንሽ ጠባይ አልጠፋውም። እግርጌው ላይ ሰው ከተቀመጠ ራስጌው ይነሳል። ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው ጣቱን ይገብራል፤ መጀመሪያ ግራውን እግር፣ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያ ቀኙን ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ዘሪቱ ወደ ግራ ጎኗ ስትገላበጥ ወደ ሰሌዳነት መሄድ ይጀምራል። ሆዷ ገፍቶ ነበርና በቀኝ ብቻ መተኛት ከበዳት። «ትለምጂዋለሽ» አልኳት። «እሱ እኔን ይልመድ እንጂ» አለች።

ወሬው በሁለት ቀን መንደሩን አዳረሰ። ሰው እየመጣ ያያል፤ እኔ እያጠፍኩ እየዘረጋሁ አሳያለሁ። ስምንቱ ተቀምጠው ሌሎች ስምንት ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። በሦስተኛው ቀን ጓድ ታምሩ መጣ። አልጋ ሲሆን አየ፤ ገበታ ሲሆን አየ፤ ሰሌዳ ሲሆን ደብተሩ ከእጁ ወደቀ።

«ሁለገብ!» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልጋው የእኔ መሆኑ ቀረ፤ የዘሪቱማ ሆኖ አያውቅም። የመሠረተ ትምህርት ጣቢያው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ትምህርቱ ወደ እኛ ቤት ተዛወረ። ከትምህርቱ ቀጥሎ የሴቶች ማኅበር ይሰበሰባል፤ ከሴቶቹ ቀጥሎ ወጣቶቹ። ዘሪቱ ከእርሻ ደክማ ትመጣለች፤ እግሯ አብጧል፤ በሩ ላይ ተደግፋ «ሀ ሁ ሂ» እስኪያልቅ ትጠብቃለች። አንድ ቀን አንዱ ጎልማሳ ተማሪ «ጰ»ን አልይዝ ብሎ ዘሪቱን ብዙ አቆማት። «አቦ፣ ምን ታደርግልሃለች እሷ? ተዋት!» ብላ ስትጮህበት ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ምኑ እንዳሳቀኝ አላውቅም።

ጓድ ታምሩ ደግሞ በዚህ አልበቃው አለ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጎጆ እስከዚያ ድረስ ሁለገብ አልጋ እንዲኖረው ተወሰነ። የሥራው አስተባባሪ ሆኜ ተመረጥኩ። እጅ ሲወጣ አየሁ፤ የእኔም እጅ ወጥቶ ነበር። ነሐሴን ሙሉ መንደሩን አስከትዬ ወንዝ እየወረድኩ «ለጋውን! ለጋውን ምረጡ!» ስል ከረምኩ። የማላውቀውን ነገር ተናግሬ እንደዚያ ተሰምቶልኝ አያውቅም፤ ደስ ይል ነበር።

መስከረም ላይ ዱቄቱ መጣ።

መጀመሪያ ያየችው ዘሪቱ ናት። ጠዋት ጠርጋ የወጣችው ወለል ላይ ስትመለስ ነጭ ዱቄት ተነጥፎ ቆያት። ከቆጡ እህል የሚፈስ መሰላትና ጆንያውን ብታይ ደህና ነው። በማግስቱም ዱቄት። ወጡ ላይ ዱቄት፤ ጋቢው ላይ ዱቄት። ጎረቤቶቼ አንድ በአንድ እየመጡ «የእኛም ዱቄት ይሰጣል» ይሉኝ ጀመር። አንዱማ ቀምሶት ኖሮ «ጨው ይጎድለዋል» አለኝ።

«ሽመሉ እርጥበቱን እያስወጣ ነው» ብዬ አስረዳሁ። ጓድ ታምሩ ጻፈው።

ዘሪቱ ጆሮዋን አግዳሚው ላይ ለጥፋ አዳመጠች። «ውስጡ የሚበላ ሰው አለ» አለች። እኔም አዳመጥኩ። በውስጡ አንድ ሠርግ ሙሉ ቆሎ ይቆረጥማል።

በዚያው ሰሞን ሼህ ሐሚስ ማር ይዘው መጡ። አልጋውን ዙሪያውን አዩት። አውራ ጣታቸውን አንዱ እግር ላይ ጫን ሲያደርጉ ጣታቸው ሰተት ብሎ ገባ። ጣታቸውን አውጥተው ዱቄቱን በልብሳቸው ጠረጉ።

«ሴትዮ መቼ ይወልዳል?»

«ኅዳር መጀመሪያ።»

«ይሄ ኅዳር አይደርስም» አሉኝ።

ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እኔ መከራውንም ጭቃ ለመለጠፍ የምሞክር ሰው ነኝ። ሼህ ሐሚስ እንደሄዱ እበትና ጭቃ ለውሼ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንኩት፤ ከላዩ ቀይ አፈር ቀባሁት። ከበፊቱ የበለጠ አማረ። መንደሩም አይቶ ደፈነ። ያኔ ግን እኔ አውቄ ነው የደፈንኩት። ለዘሪቱ «አጠንክሬዋለሁ» አልኳት። ከነገርኳት ውሸት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ለምን ዋሸሁ? አስተባባሪ ነበርኩ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ኅዳር ላይ ተቆረጠ። ዘሪቱን ደግሞ በዚያው ቀን ጎህ ሲቀድ ምጥ ያዛት። አልጋው ተዘርግቶ፣ በቀኝ ጎኗ ተኝታ፣ አግዳሚውን ጨምድዳ ይዛለች። ጓድ ታምሩ አዲስ ካኪ ለብሶ ሲመጣ በሩ ላይ አገኘሁት።

«ጓድ፣ ዘሪቱ ምጥ ይዟታል።»

«መቼ?»

«ጎህ ሲቀድ።»

ሰዓቱን አየ። «እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እስከዚያ ትጨርሳለች?»

«ምጥ ስብሰባ አይደለም፤ አጀንዳ አያውቅም» ማለት ነበረብኝ። «ሌላ ሰው ቤት ያለውን አልጋ አሳዩ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኩት «እስቲ ልጠይቃት» ነው። ጠይቄያት! ሰው ሚስቱን ምን ብሎ እንደጠየቀ ቢጻፍ ከሰው ተራ የሚወጣ ብዙ ነው፤ እኔ ከፊት እሰለፋለሁ።

«ዘሪቱዬ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ብትነሺ…»

«ለምን?»

«ሰሌዳ እንዲሆን።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያመማት እስኪያልፍላት ጠብቃ፣ ላቧን በመዳፏ ጠርጋ፣ ቀስ ብላ ወረደች። ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ጎረቤት ሴት ቤት የምትገባ መስሎኝ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ ግን ለእንግዳ ሊያጨበጭቡ መንገድ ዳር ተሰልፈው ነበር። ይህን እንኳ አላሰብኩም።

እንግዶቹ በሰዓታቸው ደረሱ። ዋናው እንግዳ ትከሻው ከበሩ የሚሰፋ፣ በጎኑ የገባ ሰው ነው። ጓድ ታምሩ ስለ አልጋው ረጅም ንግግር አደረገ፤ እኔ በየቃሉ እያጠፍኩ ዘረጋሁ። አልጋ። ገበታ። ሰሌዳ። አግዳሚ ወንበሩን ሳብኩና ከእንግዶቹ ስምንቱ ተቀመጡ፤ ትልቁ እንግዳ መሃል ላይ። «ጥንካሬውን ደግሞ ይመልከቱ» አለ ጓድ ታምሩ፤ ሰሌዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ጓ ብሎ ወደቀ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ እንደ ግመል በፊት እግሩ ተንበረከከ፤ ቀጥሎ በኋላው። ሰሌዳው በወንበሩ ላይ፣ ወንበሩ በቆጡ ላይ፣ ቆጡ በጆንያው ላይ ተቀመጠ። ቤቱ በነጭ አቧራ ተሞላና ማንም ማንንም ማየት አልቻለም። ሲገልጥ ስምንቱም እግራቸውን ዘርግተው መሬት ላይ ናቸው፤ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስላሉ። ትልቁ እንግዳ ዓይኑን ጠራርጎ ጨዋ በሆነ ድምፅ ጠየቀኝ።

«እሺ፤ ከዚህ ቀጥሎስ ምን ይሆናል?»

«ይኸው ነው፣ ጓድ» አልኩት። «አልቋል።»

ከወዲያኛው ጎጆ ደግሞ የጎረቤቴን አልጋ ሊያዩ የሄዱት እንግዶች ጩኸት ተሰማ፤ እዚያም አልቆ ነበር።

እኔ ግን እንግዶቹን አላየሁም። ያየሁት አግዳሚውን ነው። ዘሪቱ ጨምድዳ ይዛው የነበረው ሽመል ለሁለት ተሰብሮ፣ ስለቱ ወደ ላይ ቆሟል። እሷ ተኝታበት የነበረው ቦታ ላይ ነው የቆመው። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ «አስነሥተህ አተረፍካት» ይለኛል። እባካችሁ ተዉኝ! ያስነሣኋት እንግዳ ላስቀምጥበት ነው።

ወጥቼ ቤት ለቤት ጠራኋት፤ የለችም። መንገድ ዳር ሴቶቹን ብጠይቅ አላዩዋትም። አንዲት አሮጊት ብቻ ወደ ወንዙ ስትወርድ እንዳየቻት ነገረችኝ። ዱቄቱን ሳላራግፍ ሮጥኩ። ወንዙ እንደ ክረምቱ አይደለም፤ ቢሆንም ጉልበት ይደርሳል። ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን ተሻግራዋለች። እየተሻገርኩ አለቀስኩ፤ ውሃው ፊቴ ድረስ እየተረጨብኝ ስለነበር ማንም አልለየውም።

ሼህ ሐሚስ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ስሮጥ አይተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁም። ወንድ አይገባም።»

«ውስጥ ናት?»

«ውስጥ ነው። አሚና አለች። ቁጭ በል።»

አሚና ሚስታቸው ናቸው። ቁጭ አልኩ። የዘሪቱ ድምፅ ከውስጥ ሲመጣ ብድግ እላለሁ፤ ሼህ ሐሚስ ጋቢዬን ይዘው ያስቀምጡኛል። ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ አላውቅም። ፀሐይዋ ወደ ሱዳን ማዘንበል ስትጀምር አንድ ቀጭን ልቅሶ ተሰማ። አሚና በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ።

«ልጅ መጣ። ደህና ናት። ሴት ነው። እናት ደህና ነው» አሉኝ።

በበሩ ክፍተት ዘሪቱን አየኋት። አንገሬብ በሚሉት አልጋ ላይ ተኝታለች፤ አራት የእንጨት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ መሃሉ በገመድ የተጎነጎነ። በግራ ጎኗ ነው የተኛችው። አልጋው ንቅንቅ አላለም።

ሼህ ሐሚስ ዓይኔን ተከትለው አዩ። «አባቴ ከኩርሙክ ገበያ ገዛ» አሉኝ። «ቀን እንግዳ ተቀመጠ። ማታ እኛ ተኛ። ሰው ታመመ፣ አራት ሰው ያዘ፣ ሐኪም ቤት ወሰደ። እኔ በሱ ላይ ተወለደ። አባቴ ሞተ፣ በሱ ላይ ወሰደ።»

ወሬ ሲያልቅብኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ዘሪቱ እዚያው አሥራ ሁለት ቀን ታረሰች። በየቀኑ ወንዙን ተሻግሬ ቅቤና የገንፎ ዱቄት አደርሳለሁ፤ ዱቄት ስል እህሉን ነው። አሚና ተቀብለው ያስገባሉ። ዘሪቱ ገንፎውን ትበላለች፤ እኔን አታናግርም። «ልጅቱ እንዴት አደረች?» እላለሁ በበሩ በኩል፤ «ደህና አደረ» የሚሉኝ አሚና ናቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘሪቱ ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ሰማሁ። ገና በእግሯ አልጸናችም። «ደህና እስኪሆን አልጋ ይዞ ይሄዳል» አሉ አሚና፤ ሼህ ሐሚስም እሺ አሉ።

ለአራት ተሸከምናት፤ ሼህ ሐሚስ፣ ሁለቱ ጎልማሳ ልጆቻቸውና እኔ። ወንዙን ከፍ አድርገን አሻገርናት። መንደር ስንገባ ሰው ከየጎጆው ወጣ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ድምፅ ተከተለን። ጓድ ታምሩም ወጣ። ከበላይ ተጠርቶ ግለ ሂስ አድርጎ እንደተመለሰ ሰምቼ ነበር፤ ትንሽ ከስቷል። አልጋውን ሲያይ ግን እጁ ወደ ደብተሩ ሄደ። መንገድ ላይ ቆሞ እግሮቹን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከሥር አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ይኼኛውስ ምን ምን ይሠራል?» አለኝ።

ከላዬ ዘሪቱ ትንፋሿን ስትይዝ ተሰማኝ።

«ያስተኛል፣ ጓድ» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም። ያስተኛል።»

ደብተሩን ዘጋና መንገድ ለቀቀልን። ጥቂት እንደሄድን ዘሪቱ ከአልጋው ላይ ጎንበስ ብላ በአሥራ ሁለት ቀን የመጀመሪያውን ቃል ተናገረችኝ።

«በል ሳታንገጫግጭ ያዝ» አለችኝ። «ልጅህ ተኝታለች።»